ኪስ ውስጥ የቀረችው እጅ

ሠዓሊዋን ያገኛት ዘበኛው ነው። ጠዋት የጨረታ ቤቱን መብራቶች ለማጥፋት ሲዞር የምድር ቤቱ መብራት ሲበራ ማደሩን አየና እያጉረመረመ ወደ ታች ወረደ። ጠመዝማዛውን የብረት ደረጃ ሳይጨርስ ቀጥ አለ። ረጅም ጥቁር ካፖርት የለበሰች ሴት ጭንቅላቷን የመጨረሻው እርከን ላይ ጥላ ተዘርግታለች። አንዴ ጠራት፤ ሁለተኛ አልጠራትም።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ነበር።

"ማጅራቷን ነው" አለ። "በጀርባዋ ነው የወደቀችው። ደረቷ ላይ ደግሞ የሁለት መዳፍ ሰንበር አለ። ተገፍትራለች።"

"መቼ?"

"ማታ። ከዚያ በላይ አታስምዪኝ፤ ይሄ ክፍል ለወረቀቶቹ ሲባል እንደ ማቀዝቀዣ ነው የሚቆየው።"

ኢንስፔክተሯ ሬሳ ፊት ስትቆም እጆቿን ወደ ኋላ ታጣምራለች። ከጫማ ጀምራ ወደ ላይ ታያለች፤ ፊት ጋ የምትደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። ፊት ካየች ሐዘን ይመጣል፣ ሐዘን ከመጣ ዓይን ይሰንፋል።

ጫማዎቹ ውድ ናቸው፤ ማሰሪያ የላቸውም። ካፖርቱ ፊት ላይ ትልልቅ የቀንድ ቁልፎች ተደርድረዋል። አንዱን በጣቷ ነካ አደረገችው። ቁልፉ ቀዳዳ ውስጥ አልገባም፤ ቀዳዳውም ተሰፍቶ ተደፍኗል። ጨርቁን ቀስ ብላ ሳብ ስታደርገው ጠቅ ብሎ ተከፈተ። ከስሩ ክብ ክብ ትንንሽ ማግኔቶች በግራጫ ክር በእጅ ተሰፍተውበታል። የፋሽን ነገር ነው አለች በሆዷ፣ ወደ ላይም ቀጠለች።

የግራ እጇ አንጓ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ዞሯል። ሰዓት ግን አላሰረችም፣ አምባርም የለም። ቀኝ እጇ ብዕር ጨብጣለች። ጣቶቿ ጥቁር ቀለም ነክተዋል፤ የነካቸው ግን እንደ ጸሐፊ በመሃል ጣት ጎን ላይ ሳይሆን ጫፍ ጫፋቸውን ነው። ኢንስፔክተሯ በሥራ ዘመኗ እንዲህ የጠቆሩ ጣቶች ብዙ አይታለች፤ ጣቢያ ገብተው አሻራ የሚሰጡ ሰዎች ጣት ነው።

"አለቃ! እዚህ ነይ!" አለ ሳጅኑ። ጣቢያው ውስጥ ሁሉም 'ጥድፊያ' ይሉታል፤ ጡረታው ደርሶም አልበረደለትም።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ሥዕል ተዘርግቷል። ረጅም ቀጭን ሴት፣ አንገትጌው የቆመ ሰፊ ካፖርት ለብሳ፣ ክብደቷን አንድ እግሯ ላይ ጥላ ቆማለች። መስመሩ ጥቁር፣ ንጹሕ፣ አንድም ቦታ ያላመነታ ነው። ከታች ፊርማ አለ። አጠገቡ የቀለም ጠርሙስ ተከፍቶ ተቀምጧል። ሌላ ምንም የለም። የተበላሸ ወረቀት የለም፣ ብዕር የተጠረገበት ጨርቅ የለም፣ አንዲት የቀለም ጠብታ እንኳ የለችም።

"እየሣለች ሳለ የመጣ ሰው ነው የገፈተራት" አለ ጥድፊያ።

"በጣም ንጹሕ ሴት ነበረች በለኛ" አለች ኢንስፔክተሯ።

* * *

ዘበኛው ኮፍያውን በሁለት እጁ እያሽከረከረ ቆሟል።

"ማታ ሠራተኛው ሲበተን መጣች፣ የኔ እመቤት። 'አባባ ደህና አመሹ' አለችኝ። ሁሌም አባባ ነው የምትለኝ፤ ፀጉሯ ሸብቶ እንኳ አልተወችውም። ጋሼ ታች ይጠብቋት ነበር።"

ጋሼ የሚለው የጨረታ ቤቱን ባለቤት ነው፤ ከተማው አጫራቹ ይለዋል።

"ባዶ እጇን ነበረች?"

"ያቺን የካርቶን ቱቦዋን አንጠልጥላ ነበር። ሥዕል ጠቅልለው የሚይዙበትን።"

"ከዚያስ?"

"ጋሼ ብዙም ሳይቆዩ ወጡ። ገዢዎቹን ራት ጋብዘዋል። 'እሷ ሥራ ላይ ናት፣ እንዳትረብሻት' አሉኝ። እኔም አልወረድኩም።" ድምፁ ተሰበረ። "ብወርድ ኖሮ..."

"ከዚያ በፊት ታች ወርደው ነበር?"

"እሷ ከመምጣቷ በፊት ጠርጌ ነበር። ጠረጴዛው ባዶ ነው። በዚህስ እምላለሁ።"

"በፊት በር ሌላ ሰው አልገባም?"

"በእኔ በር ዝንብ አልገባም። የኋላው በር ግን የራሱ ቁልፍ አለው።"

ጥድፊያ ኢንስፔክተሯን ወደ ጥግ ወሰዳት። "በቃ ግልጽ ነው። ሰውየው ሲወጣ ጠረጴዛው ባዶ ነበር እንበል። እንዲህ ያለ ሥዕል የግማሽ ሌሊት ሥራ ነው። ስለዚህ እሱ ራት ሲበላ እሷ በሕይወት ነበረች። የኋላ በር ቁልፍ ያለውን ሰው እንፈልግ።"

"እንፈልግ" አለች።

* * *

ላይኛው አዳራሽ ውስጥ ሥዕሎቹ ለነገው ጨረታ ተሰቅለዋል። ሁሉም ወረቀት ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ሁሉም ካፖርት የለበሰች አንዲት ሴት። አጫራቹ ጥቁር ኮት ለብሶ በመካከላቸው ይንጎራደዳል። ስልሳን ያለፈ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ሲናገር ድምፁን እንደ ውድ ዕቃ በጥንቃቄ የሚያስቀምጥ ሰው ነው።

"ሃያ ዓመት አብረን ሠርተናል" አለ። "መጀመሪያ የሣለቻቸው ለልብስ ሰፊዎች የሚሆኑ የልብስ ንድፎች ነበሩ። ሙዚየም ድረስ ያደረስኳት እኔ ነኝ። አሁን እዚህ ቆሜ ስለ ሬሳዋ አወራለሁ።"

"ጨረታው ይሰረዛል?"

"የኔ እህት፣ ገዢዎች ባሕር ተሻግረው መጥተዋል። እሷም ብትሆን መሰረዙን አትፈልገውም ነበር።" የኮቱን እጅጌ አስተካከለና "መቼም ሞት ዋጋ ይጨምራል፤ አስጠሊታ ነገር ነው፣ ግን ሥራችን እንደዚህ ነው" አለ።

"ትናንት ምን ሆነ?"

"አንድ የመጨረሻ ሥዕል ልጨምር ብላ መጣች። ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች፤ ከትከሻ እስከ ጫማ በአንድ ትንፋሽ መስመሩን ስታወርድ ቆሜ አየሁ። ያ እጅ! ቀዶ ሐኪም እንዲያ ያለ እጅ የለውም። ከዚያ ትቻት ወጣሁ።"

"ሰው ትጠብቅ ነበር?"

አጫራቹ የማይፈልገውን ነገር እንደሚያነሳ ሰው ተነፈሰ። "እህቷን። ታናሿን። የኋላ በር ቁልፍ አላት። ሰሞኑን ተጣልተው ነበር። የሥዕሎቹ ሞዴል እሷ ናት፤ ዕድሜ ልኳን በእህቷ ጥላ የኖረች ምስኪን። ልወነጅላት አይደለም።"

"አይደለም" አለች ኢንስፔክተሯ፣ ዓይኗ ሥዕሎቹ ላይ ነበር። "ይሄ ካፖርት የወንድ ነው እንዴ?"

"እንዴት?"

"አዘጋጉ። ሴቶች ስንዘጋ ቀኙ ነው በግራው ላይ የሚደረበው። እነዚህ ሁሉ ተቃራኒ ናቸው።"

ሰውየው ፈገግ አለ፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ይወዳል። "ካታሎጉ ላይ አንድ ገጽ ጽፈንበታል። የኋለኛው ዘመን ድፍረቷ ነው። ወንዱን አስወልቃ ሴቷን አለበሰችው።"

ኢንስፔክተሯ ራሷን ነቀነቀች። የበር መግቢያው ላይ ለማነጻጸሪያ የተሰቀሉ የቀድሞ ሥራዎች ነበሩ። በእነዚያ ላይ ካፖርቱ በሴት ወግ ተዘግቷል፤ እጆቹም ሕይወት ነበራቸው፤ ጓንት ያወልቃሉ፣ ኮፍያ ይይዛሉ፣ ፀጉር ይመልሳሉ። ሠዓሊዋን ያስጠራትም እጅ አሣሣሏ ነው ተብሎ ተጽፏል። በአዲሶቹ ላይ ግን አንደኛዋ እጅ ሁልጊዜ ኪስ ውስጥ ናት። ሁልጊዜ ያቺው እጅ።

* * *

ታናሽ እህቲቱ የምትኖረው አሮጌ ፎቅ ላይ፣ ከሠዓሊዋ ጋር በጋራ በያዙት ቤት ነው። በሩን ስትከፍት ዓይኗ አብጦ ነበር። ሞቱን ሌላ ፖሊስ ነግሯታል።

ክፍሏ ጠባብና ጽዱ ነው። መስኮቱ አጠገብ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ መስታወት ቆሟል። ግራጫ ካፖርት ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ሥዕሎቹ ላይ ያለው ራሱ ነው። ጫፉ ላይ አንድ ቀጭን ቁራጭ ጨርቅ ተቆርጦ ተነስቷል።

"ማታ የት ነበርሽ?"

"ቤት።"

"ምን ስትሠሪ?"

"ምንም።"

"ሰው አይቶሻል?"

"ማንም።"

"የጨረታ ቤቱ ቁልፍ አለሽ?"

እህቲቱ መሳቢያ ከፍታ ቁልፉን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። "እትዬ ናት የሰጠችኝ። ዕቃዋን ስለማመላልስላት።"

ጎረቤቲቱ፣ ደረጃ ላይ ተደግፋ ስትጠብቅ የነበረች ሴት፣ ሳትጠየቅ ተናገረች፤ "ሳምንቱን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ነበር። እንኳን እኔ ግድግዳው ሰምቷል። ትልቋ 'እናገራለሁ' ትላለች፣ ትንሿ 'ብትናገሪ ከአንቺ ጋር አልኖርም' ትላለች።"

"ምኑን ነው የምትናገረው?" ኢንስፔክተሯ ወደ እህቲቱ ዞረች።

"የእህትማማች ነገር ነው።"

"የኔ እህት፣ ይሄን መልስሽን ይዤ ጣቢያ ከገባሁ አንቺንም ይዤ ነው የምገባው። ገባሽ?"

"ገብቶኛል።"

"በሰው ግድያ ነው የምትጠየቂው።"

"ገብቶኛል አልኩ'ኮ።" ሻርፗን አነሳች። "ካፖርቱን ልልበሰው? ወይስ ይቀራል?"

ጥድፊያ ደረጃውን ሲወርዱ ሹክ አለ፤ "ቁልፍ አለ፣ ጠብ አለ፣ ምስክር የለም። አለቃ፣ ይሄኛው ጉዳይ እግሩን ዘርግቶ ነው የተኛልን።"

ኢንስፔክተሯ የመኪናውን በር ከፈተች። እንዲህ ቀላል ሆኖ የሚመጣ ነገር አይዋጥላትም። ሰው ሲዋሽ ይዘበራርቃል፤ ይህቺ ሴት ግን አፏን ለጉማ አንድ ነገር ጠብቃ ይዛለች፤ የምትጠብቀው ደግሞ ራሷን አይመስልም።

* * *

ሠዓሊዋ ባል ነበራት። ልብስ ሰፊ ነው፤ ዘመናዊ ሱቅ አለው፤ በሠርግ ሰሞን ለሙሽራ ወረፋ የሚያስይዝ። ከተለያዩ ወዲህ በሰው ፊት "አንድ ቀን የእጇን ታገኛለች" ሲል ተሰምቷል። ጥድፊያ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ፣ ተያይዘው ሄዱ።

ሰውየው አፉ ውስጥ መርፌዎች ነክሶ የአንዲትን ደንበኛ ቀሚስ ጫፍ ያስተካክላል። መርፌዎቹን አንድ በአንድ ወደ መርፌ መሰኪያው መለሳቸው።

"ብዬ ነበር" አለ። "ንዴት ነው። ማታ እዚህ ነበርኩ፤ እናትና ልጅ ሙሽራዋን ሲያስለኩ አመሹ፤ ጠይቋቸው። ባልገኝ ኖሮ ሱቁን በጩኸት ያፈርሱት ነበር።"

"ያናደደዎት ምንድን ነው?"

"ንቀቷ። ተለያየን እንጂ አልተጣላንም ነበር። ሁለት ዓመት ሆነ፣ ባገኘኋት ቁጥር እጄን እዘረጋለሁ፤ እሷ እጇን ከኪሷ አታወጣም። አንገቷን ሰበር አድርጋ ታልፈኛለች። አንዴ በሰው መሐል አሳፍራኛለች።" ድምፁ ዝቅ አለ። "የሰፋሁላት ጥቁር ካፖርት ነበር። እሱን ለብሳ ነው የሞተችው አሉ?"

"እርስዎ ነዎት ቁልፎቹን በማግኔት የለወጡት?"

ልብስ ሰፊው የተሰደበ መሰለው። "ማግኔት? እኔ? የቀንድ ቁልፍ ላይ?"

ኢንስፔክተሯ መኪና ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች። ጥድፊያ ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን አስነሳ፤ እሷ ግን እንዳይነዳ በእጇ ያዘችው። ማሰሪያ የሌለው ጫማ። የማይቆለፍ ቁልፍ። ከኪስ የማይወጣ እጅ። አንድ በአንድ ስታያቸው ፋሽን ናቸው፤ አንድ ላይ ስታያቸው ግን ሕመም ናቸው።

"ሳጅን፣ የሠዓሊዋን ሐኪም ፈልግልኝ። የሬሳውን አይደለም፣ የቁሟን።"

* * *

መልሱ ከሰዓት በኋላ መጣ፤ ሐኪሙ በስልክ ብዙ አልተናገረም፣ የተናገረው ግን በቃ። እጆቿ ይንቀጠቀጡ ነበር። ሁለት ዓመት ሆኖታል። ውኃ በብርጭቆ መጠጣት አቁማ ነበር።

ጥድፊያ ራሱን አከከ። "ታዲያ ሥዕሎቹን ማን ሣላቸው?"

ኢንስፔክተሯ ተነስታ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደች። ፊቷን ታጠበች፣ ካፖርቷን ለበሰች፣ መስታወቱ ፊት ቆማ ቁልፎቿን መዝጋት ጀመረች። ከዚያ እጇ ቆመ።

መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴት ካፖርቷን እንደ ወንድ ዘግታለች።

ቀኝ እጇን አነሳች፣ ብዕር እንደያዘች አድርጋ አየር ላይ መስመር ሞከረች። መስታወት እያየ ራሱን የሚሥል ሰው ሁሉን ነገር ማየት ይችላል፤ ፊቱን፣ ትከሻውን፣ ሥራ የፈታች እጁን። አንዲት ነገር ብቻ እንዳለች መሣል አይችልም፤ እየሣለች ያለችውን እጅ። እሷ ዝም ብላ አትቆምለትም። የሆነ ቦታ መደበቅ አለባት።

ኪስ ውስጥ።

* * *

እህቲቱን ከማቆያ አስመጣቻት። ጠረጴዛው ላይ የሟችን ጥቁር ካፖርት ዘርግታ ጠበቀቻት።

"ማግኔቶቹን አንቺ ነሽ የሰፋሽው?"

እህቲቱ ካፖርቱን አየችና ዓይኗን አሸሸች። "ልብስ መጠገን ወንጀል ነው?"

"አይደለም። እህትሽ መቆለፍ ካቆመች ጀምሮ ነው አንቺ መሣል የጀመርሽው?"

እህቲቱ ጣቷን ግራጫው ክር ላይ አሳረፈች።

"እኔ የምነግርሽ ይህን ነው። አጫራቹ 'ስትሥል ቆሜ አየሁ' ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። አልሣለችም፤ ልትሥል አትችልም። ይህንን እኔ አውቃለሁ፣ አንቺ ታውቂያለሽ፣ እሱም ያውቃል። እሱ የተማመነው አንቺ አፍሽን እንደማትከፍቺ ነው።"

እህቲቱ ካፖርቱን ወደ ኢንስፔክተሯ መለሰችው። ሲወጣላት በአንድ ጊዜ ወጣ።

"እናታችን ስትሞት እኔ ገና ጡት ያልጣልኩ ነበርኩ። አጥባ፣ አብልታ፣ አስተምራ ያሳደገችኝ እትዬ ናት። ያ እጇ ነው ያሳደገኝ። አንድ ቀን ጠዋት ብርጭቆ ከእጇ ወደቀ፤ ሳቀች። ሌላ ቀን ወደቀ፤ አልሳቀችም። ሥዕል የያዘች ጊዜ መስመሩ እንደ ትል ሲሄድ አየችውና ወረቀቱን ቀደደችው። ጨረታ ቤቱ ውሉን ይዞ ይጠብቃል። 'አምጪ እስቲ እኔ ልሞክረው' አልኳት። ሃያ ዓመት ፊቷ ቆሜያለሁ፤ እንዴት እንደምትሥል ከእሷ በላይ አየዋለሁ። ሞዴል ግን አልነበረኝም። ሞዴሏ እኔ ነኝና። መስታወት ገዛሁ።"

"ፊርማውንስ?"

"እሱንም እኔ ነኝ።"

"ጠቡስ?"

"'በጨረታው ላይ በሰው ፊት እናገራለሁ፣ የአንቺ እጅ ነው፣ ስምሽ ይጠራ' አለች። እኔ እንቢ አልኩ።" ጉንጯን በእጇ ጀርባ ጠረገች። "ሰው ያንን እጅ በሌላ ነገር እንዲያስታውሰው አልፈለግኩም። ስትንቀጠቀጥ እንዲያዩብኝ አልፈለግኩም። እስር ቤትም ቢሆን እችለዋለሁ ብዬ ነበር።"

"ትናንት ቱቦ ይዛ ነበር የሄደችው?"

"በቅርብ የጨረስኩትን ሥዕል ይዛ። 'ይኸው የእህቴ እጅ' ብላ ለአጫራቹ ልታሳይ።"

"ቱቦውን በምን ያዘችው? እንዲያ በሚንቀጠቀጥ እጅ?"

"ማንጠልጠያ ሰፍቼላታለሁ። አንጓዋ ላይ የሚገባ። ከካፖርቴ ጫፍ ቆርጬ።"

ኢንስፔክተሯ ቀዩን መስመር አስታወሰች። እስክሪብቶዋን ዘጋች።

"አድምጪኝ። ይህን ያልሽኝን ካልፈረምሽበት ሰውየውን በዓይኔ እያየሁት ያመልጠኛል። ከፈረምሽበት ደግሞ ነገ ከተማው ሁሉ እህትሽ መሣል እንደማትችል ያውቃል። ሁለቱንም አልደብቅሽም።"

እህቲቱ ጥቁሩን ካፖርት ወደ ራሷ ሳበችው። ፊትና ፊቱን አገጣጠመችው። ማግኔቶቹ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እያሉ ተዘጉ።

"አምጪው" አለች።

* * *

በጨረታው ዕለት አዳራሹ በወንበር ተሞልቷል። ኢንስፔክተሯ ገዢዎቹ ከመግባታቸው በፊት አጫራቹን ወደ ምድር ቤቱ ይዛው ወረደች።

"አንድ ነገር ብቻ ያስረዱኝ" አለችው። "ያን መስመር ስታወርድ ብዕሩን እንዴት ይዛ ነበር?"

"እንደ ሁልጊዜው። ዘና ብላ።"

"ማንንም ፊቷ ሳታቆም?"

"ከጭንቅላቷ። ያ ነው ጌትነት ማለት።"

"እጇ ላይ ምንም አላዩም?"

"ምን አያለሁ? ጸጥ ያለ እጅ ነው።"

"እጇ ከሁለት ዓመት ወዲህ ማንኪያ እንኳ አልያዘም" አለች። "ሐኪሟ ቃሉን ሰጥቷል።"

አጫራቹ ፈጥኖ አገገመ፤ ሥራው ነው። "ደህና ቀን ነበራት ማለት ነው። ሠዓሊ ሲነሳሳ..."

"የሣለችው እህቷ ናት። እሷም ቃሏን ሰጥታ ፈርማለች።"

እዚህ ላይ የሰውየው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለም ለቀቀ። "ያቺ?" አለ። "ያቺ ትናገራለች?" ከዚያ ያለውን ሰማና አፉን ገጠመ።

ጥድፊያ ግድግዳው አጠገብ ካለው የቱቦ መደርደሪያ ፊት ቆሟል። የጨረታ ቤቱ ቱቦዎች በደርዘን ተሰድረዋል። እየመዘዘ እያገላበጠ ቆይቶ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጣደፍ አንዱን አወጣ። ሆዱ ላይ የመርፌ ቀዳዳዎች በመስመር ተሰልፈዋል፤ በሁለቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ግራጫ ክር ቀርቷል።

"ቱቦ ከቱቦ መሐል የሚደበቅ ጥሩ ቦታ ነው" አለች ኢንስፔክተሯ። "ማንጠልጠያ ያለው ግን እሱ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ገነጠሉት። መጀመሪያ ከአንጓዋ ላይ አወለቁት፤ ጣቶቿን ቀለም ውስጥ ነከሩ፤ ብዕር አስያዟት። ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ያ ሥዕል እዚህ እስከተገኘ ድረስ እርስዎ ራት ላይ ሆነው እሷ እየሣለች ነበር ማለት ነው። ማንጠልጠያውን የት አደረጉት?"

"የምን ማንጠልጠያ?"

"ትናንት ጠዋት እንደደረሱ ይህን ጥቁር ኮት ለሐዘኑ ቀየሩ ይላል ዘበኛው። ማታ ለብሰውት የነበረው ካፖርት ቢሮዎ ውስጥ ተሰቅሏል። ኪሱን ራስዎ ያዩታል ወይስ እኔ ልየው?"

አጫራቹ ሳያውቀው እጁን ወደ ጎኑ ሰደደ፤ የለበሰው ግን ያ ካፖርት አልነበረም። ጥድፊያ ወጥቶ ካፖርቱን ተሸክሞ ተመለሰ። ከቀኝ ኪሱ ውስጥ፣ ከራት ቤቱ መጥረጊያ ወረቀት ጋር ተጨማዶ፣ አንድ ቀጭን ቁራጭ ግራጫ ጨርቅ ወጣ።

ሰውየው እርከኑ ላይ ተቀመጠ። ጭንቅላቷ ያረፈበት እርከን መሆኑን ያወቀ አልመሰለም።

"ለመንኳት" አለ። "ከጨረታው በኋላ ተናገሪ አልኳት። ገዢዎቹ የሚመጡት ለስሟ ነው፤ ለመስመር አይደለም፤ መስመር ማን ያያል? 'አንተ ታይ ነበር' አለችኝ። 'ድሮ አንተ ታይ ነበር' አለችኝ። ገፋኋት። ገፋኋት እንጂ..." እጆቹን አየ። "ስትወድቅ ምንም አልያዘችም። ደረጃው የብረት መደገፊያ አለው፤ ብትይዘው ኖሮ... እጇ አልያዘላትም።"

ከላይ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ገዢዎቹ መግባት ጀምረዋል።

* * *

ሥዕሎቹ ወርደው፣ ተጠቅልለው፣ በኤግዚቢትነት ጣቢያ ገቡ። በማግሥቱ እህቲቱ የሟችን ዕቃ ልትቀበል መጣች። ኢንስፔክተሯ ከጥቁሩ ካፖርት ጋር አንድ ባዶ ወረቀትና ብዕር አቀረበችላት።

"ለመዝገቡ ነው። እጁ ያንቺ መሆኑ በሰው ፊት መታየት አለበት። መስታወት መታጠቢያ ቤት አለ።"

"መስታወቱ ይቅር" አለች እህቲቱ።

ተቀመጠች። ሳጅኑም ሌሎቹም ሥራቸውን ትተው ዙሪያዋን ቆሙ። ከአንገትጌው ጀመረች፣ ትከሻውን አወረደች። ጥቁር ካፖርት ነው፤ በሴት ወግ ተዘግቷል። ሟችን ያወቀ ሁሉ ፊቱን ለየው። መጨረሻ ላይ ወደ እጆቹ መጣች፤ ሁለቱንም ከኪስ አወጣቻቸው። የሌላው አካል መስመር ሁሉ ንጹሕ ሲሆን ጣቶቹ ጋ ስትደርስ ብዕሯን ሆን ብላ አንቀጠቀጠችው። ጣቶቹ ደረት ላይ አንዲት ቁልፍ ይዘው፣ ቀዳዳውን ሲፈልጉ፣ ሲስቱ ታዩ።

ጥድፊያ ወደ መስኮቱ ዞረ።

"ፈርሚበት" አለች ኢንስፔክተሯ ቀስ ብላ።

ብዕሩ ወረቀቱ ጥግ ላይ አረፈ። በልማድ የሠዓሊዋን ስም የመጀመሪያ ፊደል ጻፈና ቆመ። እህቲቱ ፊደሉን ረጅም ጊዜ አየችው።

"የራሴን ፈርሜ አላውቅም" አለች። "ፊርማ የለኝም።"

"እንደመጣልሽ ጻፊው።"

ያቺን ፊደል አልሰረዘቻትም። ከሥሯ የራሷን ስም፣ አንድ በአንድ፣ ፊደል እንደሚማር ሕፃን እያየች ጻፈች። አሁን ብዕሩ የተንቀጠቀጠው ግን ሆን ተብሎ አልነበረም።